ጠባብ ማሳና ጥማድ በሬ፦ በኢትዮጵያ ደጋ የቤት እንስሳት ምርጫ ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖር ገበሬ በጠባብ መሬቱ ላይ የትኛውን እንስሳ እንደሚያኖርና የትኛውን እንደሚተው ሲወስን የኖረው በልማድ ብቻ ወይም የከብት ብዛት የሚያስገኘውን ክብር በመሻት አልነበረም። እህል ከሚዘራበት መሬት ሳይቀነስ ሊቀለብ የሚችለው እንስሳ የትኛው ነው፣ በበሽታ ቢያልቅ ወይም ለችግር ቢሸጥስ በምን ይተካል የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በየዘመኑ ምርጫውን ሲመሩ ቆይተዋል። ስሌቱ በጽሑፍ ያልሰፈረ በመሆኑ ግን፣ ባለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ስለ አገሪቱ እርሻ የጻፉ ብዙ ባለሙያዎች ገበሬው የማይጠቅሙትን ከብቶች በከንቱ ያበዛል፣ ጥቂትና ምርታማ የሆኑትን መርጦ መያዝ አያውቅም ሲሉ ወቅሰውታል። ወቀሳው ከታሪኩ ጋር ሲመዛዘን አብዛኛው አይጸናም፤ ገበሬው ቢጠየቅ ኖሮ እያንዳንዱ እንስሳ በደጁ የቆመበትን ምክንያት አንድ በአንድ መናገር ይችል ነበርና።

የምርጫው ሁሉ መነሻ በሬ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ከጥንት ጀምሮ የቆየው እርሻ በማረሻ የሚከናወን ሲሆን፣ ማረሻ የሚባለው ጫፉ ብረት የሆነ፣ በሁለት ድግሮች መካከል ገብቶ በወገል የሚታሰር፣ አፈሩን ሳይገለብጥ የሚሰነጥቅ መሣሪያ ነው፤ ረጅሙ ሞፈር ከቀንበሩ ጋር በምራን ይያያዛል፣ ቀንበሩም በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ ያርፋል። ሁለቱ በሬዎች ጥማድ ይባላሉ፤ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬትም በዚሁ ስም ይለካል፣ ልኩም እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ቢለያይም ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። የጤፍ ማሳ ከገመሳ ጀምሮ ዘር እስኪወድቅበት ድረስ 4 ወይም 5 ጊዜ የሚታረስ በመሆኑ፣ በሬ የሌለው ሰው መሬት ቢኖረውም ያለ ሌላ ሰው ፈቃድ አያርሰውም። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የኢትዮጵያ እርሻ ታሪክ እንዳሳዩት፣ ይህ የማረሻ እርሻ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዳዲስ አካባቢዎችን እየያዘ ሲስፋፋ በሬንና በሬ የሚጠይቀውን የአኗኗር ሥርዓት ሁሉ ይዞ ሄዷል።

በሬ ግን ብቻውን አይኖርም። አንድ ወይፈን ለቀንበር የሚደርሰው 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ እስኪደክም 6 ወይም 7 ዓመት ያርሳል። የአገር ላም በግጦሽና በጭድ ብቻ ስትያዝ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብትወልድ መልካም ነው፤ ከሚወለዱት ጥጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፣ ከወንዶቹም ከፊሉ ሳያድጉ ይሞታሉ። ስለዚህ አንድ ቤት ጥማዱ ሳይጓደልበት እንዲኖር ከፈለገና በሬውን ከገበያ መግዛት ካልቻለ፣ አንድ ወይም ሁለት ላም፣ የምትተካት ጊደር፣ ለቀንበር የተቃረበ ወይፈንና የዓመቱን ጥጃ አብሮ መያዝ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ላም ከሁሉ በፊት የበሬ እናት ናት፤ ወተቷ ትርፍ እንጂ የተያዘችበት ዋና ምክንያት አይደለም። በቀን ከ2 ሊትር የማይበልጥ ወተት የምትሰጠውን ላም ከአውሮፓ ላም ጋር አወዳድሮ ምርታማ አይደለችም ማለት፣ የተያዘችበትን ሥራ ትቶ በሌላ ሥራ እንደ መመዘን ነው። በጠባብ መሬት ላይ ብዙ የሚመስሉት ስድስትና ሰባት ከብቶችም ሲቆጠሩ አንድ ጥማድና የጥማዱ ተተኪዎች ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

ከምርጫው ውጭ የሆኑትን እንስሳት የወሰነው ደግሞ ሃይማኖት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ሥርዓት፣ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ብቻ እንዲበላ የሚያዘው፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ዘንድ ጸንቶ የኖረ ሲሆን፣ አሳማን በሚመለከት እስልምናም በዚሁ ላይ ይስማማል። በሌሎች አገሮች የድኻ ገበሬ ጓሮ ዋና ሀብት የሆኑት አሳማና ጥንቸል በደጋው ቦታ ያላገኙት ስለዚህ ነው። ጾሙም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። የጾሙ ቀን በዓመት ከ200 በላይ ስለሚሆን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ወተትም ሆነ እንቁላል በክርስቲያን ቤት አይቀመስም፤ ወተቱ ግን መታለቡን አያቆምም። በዚህ ምክንያት የደጋ ሴቶች ወተትን እርጎ አድርገው፣ እርጎውን ንጠው፣ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ የሚቆየውን ቅቤ ማጠራቀምን መረጡ፤ ገበያውም ከትኩስ ወተት ይልቅ በቅቤ ላይ የተመሠረተ ሆነ። የዶሮና የበግ ዋጋ በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚያሻቅብ በመሆኑ፣ ዶሮዋ መቼ እንቁላል እንደምትታቀፍ፣ ጠቦቱ መቼ እንደሚሸጥ የሚቆጠረው ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ነው።

መኖውስ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው። መሬቱ ሁሉ እየታረሰ በመጣባቸው አካባቢዎች እንስሳቱ የሚኖሩት ከእህሉ በሚተርፈው ነው፤ ከአውድማ የሚሰበሰበው የጤፍ ጭድና የገብስ ገለባ በጓሮ ይከመራል፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ በማሳው የሚቀረው ቃርሚያ ደግሞ ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ከብቱ ይጠግባል፤ ከመጋቢት በኋላ ክምሩ ይሳሳል። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የሚከብደው እርሻ የሚጀመረው ደግሞ በሬው እጅግ በከሳበት በግንቦትና በሰኔ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ምርጡን ጭድ አስቀድሞ ለበሬው ይለያል፤ ላሟና ጥጃዋ በተረፈው ይውላሉ፣ አህያ ያገኘችውን ትቃርማለች። ቤት ውስጥ ጠላ ወይም አረቄ ሲጠመቅ የሚቀረው አተላም አይደፋም። ከእንስሳቱ የሚገኘው ደግሞ ተመልሶ ወደ ማሳውና ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ደኑ በተመናመነባቸው ደጋዎች ፍጉ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ ግን መሬቱ ሊያገኘው ይገባ የነበረውን ፍግ ያጣል። ይህ ጉዳት በገበሬው ዘንድ የታወቀ ነው፤ እንጨት በሌለበት ግን ምርጫ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት በአንድ እንስሳ ላይ መቆሙ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የታየው በክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን በመባል የሚታወቀው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረሃብ የጀመረው ከብት በሚጨርስ በሽታ ነበር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1887 ለሠራዊታቸው ስንቅ ከሕንድ ወደ ምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ ከትግራይ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳረሰ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ እየወረደ በአሥር ዓመት ውስጥ ደቡባዊ አፍሪካ ደረሰ። በሽታውን አይቶ የማያውቀው የደጋ ከብት መቋቋሚያ አልነበረውም። ስለዚህ ዘመን በሰፊው ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት ከአገሪቱ ከብት ዘጠና በመቶው ያህል ሳያልቅ እንዳልቀረ ጽፈዋል። ድርቁና አንበጣው ተጨምረውበት ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምትም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ዝናብ በተመለሰ ጊዜ እንኳ ማሳው ጠፍ ሆኖ የቀረው የሚያርሰው በሬ ስላልነበረ ነው። ዐፄ ምኒልክ ዶማና መጥረቢያ አሠርተው እንዳከፋፈሉ፣ ሕዝቡ በእጁ መቆፈርን እንዳያፍርበትም ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የዘመኑ ጽሑፎች ይናገራሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት በሬ ሲጠምድ የኖረ ገበሬ መሬትን በዶማ መቆፈር የመጨረሻ ውርደት አድርጎ ይቆጥረው ስለነበር፣ የንጉሡ አርአያነት ቀላል ነገር አልነበረም። የከብት እጦቱ በፖለቲካውም ላይ አሻራውን ትቷል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች፣ ከእነዚህም በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ የተካሄደው፣ ብዙ ሺህ ከብት እየማረኩ ወደ ሸዋ የነዱ ነበሩ። ያ ምርኮ ለአንዱ ደጋ ጥማድ ሲሆን ለሌላው አገር የከብትና የነፃነት ማጣት ነበር፤ ታሪኩ ሲጻፍ ሁለቱም አብረው መጻፍ አለባቸው። የደስታ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ከክፉ ቀን የተረፈው ትውልድ እንስሳቱን ሁሉ በአንድ ደጅ አለማከማቸትን የበለጠ አጥብቆ ያዘ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ርቢ የሚባለው ውል ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። በርቢ አንድ ባለ ብዙ ከብት ላሙን ወይም በጎቹን መኖ ላለው፣ ከብት ግን ለሌለው ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያረባል፣ ይጠብቃል፣ የሚወለደውን በስምምነታቸው መሠረት ይካፈላሉ። ለባለቤቱ፣ በሽታ አንዱን መንደር ቢመታ ሌላው ጋ የተቀመጠው ይተርፍለታል፤ ተቀባዩም ያለ ገንዘብ የከብት ባለቤት ለመሆን መንገድ ያገኛል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ደግሞ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው በየተራ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ዝናብ በጣለበት ማለዳ ሁለቱም ማሳዎች አፈራቸው ለዘር እኩል ሲደርስ ግን ተራው የማን እንደሆነ ማስታወስ ትዕግሥትና መተማመን ይጠይቃል። በሬዎቹም በቁመትና በጉልበት ካልተመጣጠኑ ቀንበሩ ወደ አንዱ ስለሚያዘም፣ መቀናጆ የሚፈልግ ሰው በሬ ሲገዛ የሚያየው የራሱን በሬ ብቻ ሳይሆን የባልንጀራውን በሬ ቁመት ጭምር ነው። በሬ ጨርሶ የሌለው ሰው በጉልበቱ ይከፍላል ወይም መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ያሳርሳል፤ በዚህም የተነሳ በደጋው ድህነት ከመሬት እጦት ይልቅ በበሬ እጦት የሚለካበት ጊዜ ብዙ ነበር።

በሬ ሁሉን በማይገዛበት ስፍራ ምርጫው ሌላ መልክ ይይዛል። በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ የሚገኘው መንዝ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ቁሩ የጠና፣ ውርጭ ገብሱን በአንድ ሌሊት የሚመታበት፣ ጥቁር አፈሩ በክረምት ውኃ የሚያቁርበት አገር በመሆኑ፣ እህል ብቻውን ቤተሰብ አያኖርም፤ የመንዝ ሰው የኖረው በገብሱና በበጉ ነው። የመንዝ በግ አጭርና ወፍራም ላት ያለው፣ ሻካራ ጸጉር የሚያበቅል፣ ትንሽ ሰውነት ያለው እንስሳ ነው። ጸጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። የእንስሳት ባለሙያዎች የተለያዩ እንስሳትን መኖ ለማነጻጸር 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳን እንደ አንድ መስፈሪያ ይወስዳሉ፤ በዚህ ስፍር የአገር ከብት 0.7፣ በግ ወይም ፍየል 0.1 ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይኸውም አንድ ላም የምትበላው ሰባት በጎችን ይቀልባል ማለት ነው። ላም ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፣ በግ አምስት ወር። ላም ብትሞት ሁሉ ነገር አብሮ ይሄዳል፤ ከሰባት በጎች አንዷ ብትሞት ስድስቱ ይቀራሉ። አዝመራው በውርጭ በተመታበት ዓመት አንድ ሙክት ተሸጦ የወር ቀለብ ይሸመታል፤ ሙክት የሚባለው ተቀጥቅጦ የደለበ አውራ በግ ነው። በሬን ለአንድ ወር ቀለብ ብሎ መሸጥ ግን የሚመጣውን ዓመት እርሻ አብሮ መሸጥ ነው፤ በረሃብ ዘመን የደጋ ገበሬ አስቀድሞ ፍየሉንና በጉን፣ ቀጥሎ ጊደሩን፣ በመጨረሻ ሌላ ነገር ሁሉ ሲያልቅ በሬውን የሚያወጣው ለዚህ ነው።

መንዞች የግጦሹንም ነገር በሥርዓት ይዘውት ነበር። ጓሳ የሚባለውን ሰፊ የደጋ ሣር፣ በትውፊት የአገሩ አቅኚ አባቶች ተብለው ከሚታወቁት ከአስቦና ከጌራ ወገን የተመረጡ አለቆች በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል፤ ሕዝቡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ጌሳ ለሚባለው የዝናብ መከላከያ ያጭደዋል፣ ከዚያም ከብትና በግ ይገባበታል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ የሚነገርለት ይህ ሥርዓት የገጠር መሬት የመንግሥት በሆነ ጊዜ ፈረሰ፤ ኋላ ላይ በአዲስ የማኅበረሰብ አስተዳደር ተተካ። በጠባብ መሬት ላይ በግ ማብዛት የተቻለው የጋራ የሆነ ሰፊ ስፍራ ከኋላ ስለነበረ መሆኑን ብዙዎቹ ጽሑፎች ሳያነሱት ያልፋሉ፤ ሊያልፉት ግን አይገባም ነበር።

በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የእንሰት አገር ደግሞ ማረሻ ዋና ስላልሆነ የጥማዱ ግዴታ የለም። እንሰት ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚወስድ፣ ከጥቂት መሬት ብዙ ሰው የሚመግብ ተክል ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ፍግ ነው። ስለዚህ ላም በቤት ውስጥ ታድራለች፣ በጠዋት አዛባው ተጠርጎ ለቤቱ ቅርብ ከሆነው እንሰት ሥር ይደፋል፤ እዚህ ላም በመጀመሪያ የፍግ ምንጭ፣ ቀጥሎ የቅቤ ምንጭ ናት። ጓሮው ጠባብ ስለሆነ የጉራጌ ከብት የሚሰማራው ጀፎረ በተባለው፣ በቤቶቹ ፊት ለፊት በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ነው። ለመስቀል የሚታረደው ሰንጋም በዓመት አንዴ የሚመጣ ወጪ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሆነውን ወይፈን አስቀድሞ መቀለብ ወይም ገንዘቡን በቁጠባ ማኅበር ማጠራቀም የቤቱ የዓመት ዕቅድ አካል ሆኖ ኖሯል።

ከሁሉም በላይ ግን የጠባብ መሬትን ብልሃት ለማየት የሐረርጌ ደጋን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ከመሬቱ ጥበት የተነሳ የግጦሽ ቦታ የሚባል አልቀረም፤ ገበሬው ማሽላና በቆሎ፣ በዳገቱም ጫት ይተክላል። የላሞችና የጥጆች ጓዝ ለማኖር ቦታ ስለሌለው በሬን ማርባት ትቶ መግዛትን መረጠ። ወይፈኑን ከቆላው አርብቶ አደር ገበያ ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያም አደልቦ የሐረር ሰንጋ እያሰኘ ይሸጠዋል፤ በሽያጩ ሌላ ወይፈን ገዝቶ ትርፉን ለቤቱ ያውላል። መኖውን የሚያገኝበት መንገድ በተለይ ሊጤን የሚገባው ነው። ማሽላውን ሆን ብሎ አጥብቆ፣ ከሚፈለገው በላይ በዝቶ እንዲበቅል ይዘራዋል፤ ቡቃያው ከፍ ሲል በየቀኑ ገባ እያለ የተጠጋጋውን እየነቀለ ያሳሳዋል፣ የነቀለውንም ለሰንጋው በእጁ ያጎርሳል። ቀጥሎ ፍሬው እየደረሰ ሲሄድ የታችኛውን ቅጠል ይገፋል፤ በመጨረሻ አገዳው ይመጣል። በዚህ መንገድ አንዱ ማሳ ለሰው እህል ሳያጓድል ለወራት ያህል ለምለም መኖ ይሰጣል። እንስሳው ታስሮ፣ በቤት ጥላ ሥር፣ እየቦረሹትና እያነጋገሩት ይደልባል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም፤ በዘመናዊ የእርሻ ትምህርት አስሮ መቀለብ ተብሎ እንደ አዲስ ነገር ከመሰበኩ በፊት ሐረርጌ በራሱ ያገኘው ጥበብ ነው፣ በአገሪቱ እርሻ ታሪክ ውስጥም ከተሰጠው የበለጠ ስፍራ ይገባዋል።

ከበሬና ከበግ ጎን የሚቆሙት አህያና ዶሮ በታሪክ ጽሑፍ ብዙም አይወሱም። በአህያ ብዛት ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን፣ ምክንያቱ መኪና የማይገባበት ዳገትና ከቤት የራቀ ገበያ ነው፤ በቅሎ የባለ ማዕረግና የካህን መጓጓዣ ስትሆን አህያ የሁሉ ናት፤ ውኃውን፣ ጭዱንና እህሉን በመሸከም ከሁሉ በላይ የሴቶችን ጀርባ አሳርፋለች። ዶሮ ደግሞ በአብዛኛው የሴቲቱ ሀብት ናት፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለበርበሬና ለልጆች ደብተር ይውላል። የአገር ዶሮ በዓመት ከ60 የማይበልጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትጠብቃለች፣ ከጓሮው ለቅማ ትኖራለች። ገበያው ቀዩንና ገብስማውን ሲወድ ጥቁሩን ይንቃል፤ ስለዚህም ለዘር የሚቀረው አውራ ዶሮ በቀለሙ ይመረጣል። ፈንግል የሚባለው በሽታ የመንደሩን ዶሮ ጠራርጎ ሲወስድ እንኳ ከጎረቤት ባገኘቻት አንዲት ቄብ ባለቤቷ እንደገና ትጀምራለች። እንደ ሳሶ ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ቶሎ አድገው ብዙ እንቁላል ቢጥሉም፣ መኖ ተገዝቶ ካልቀረበላቸው በገጠር ጓሮ የሚጠበቅባቸውን አይሰጡም፤ ሲያልቁም የሚተኩት በግዢ ነው።

የውጭ ከብት ወደ አገሪቱ ሲገባም ክርክሩ ያው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በሾላ የተጀመረው የወተት እርባታ የአዲስ አበባን የወተት ገበያ መሠረት ጣለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ የአርሲንና የቦረናን ላም ከፍሪዝያን ጋር እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬው ማቅረብ ጀመረ። ዲቃላዋ ላም ከአገር ላም ብዙ እጥፍ ወተት ትሰጣለች፤ ነገር ግን ፋጉሎና ፉርሽካ፣ ሐኪምና ለወተቱ ቅርብ የሆነ ገበያ ትፈልጋለች። ስለዚህ የተጠቀሙት አስቀድሞ አቅም የነበራቸው ናቸው፤ በዚያው ዘመን በጭላሎ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ማፈናቀላቸው ደግሞ፣ የእርሻ ማሻሻያ የመሬት ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀድም ምን እንደሚያስከትል በግልጽ አሳይቷል።

የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። አዋጁ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን በ10 ሄክታር ወሰነው፤ ይህም የአንድ ጋሻ ሩብ ነው። በደጋው የደረሰው ድርሻ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር፣ ከዚያም ወዲህ ለልጅ እየተሸነሸነ ብዙ ቤተሰብ አንድ ሄክታር እንኳ ወደማይሞላ መሬት ወርዷል። መሬት ያገኘ ሁሉ በሬ አላገኘም፤ ከአዋጁ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ከደጋው ገበሬ ሲሶ የሚሆነው ምንም በሬ እንደሌለው፣ ሌላው ሲሶ ያህል ደግሞ አንድ ብቻ እንዳለው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን አይቶ በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ ሠርቶ ሞከረ፤ በሆለታም ዲቃላ ላሞችን ጠምዶ የማረስ ሙከራ ተደረገ፣ በደንብ ከተቀለቡም ላሞቹ እያረሱ ሊታለቡ እንደሚችሉ ታየ። ሁለቱም በገበሬው ዘንድ አልተስፋፉም። አንዱ በሬ ብቻውን ለከባዱ አፈር ጉልበት ያንሰዋል፤ ላም መጥመድ እንደ ነውር ከመታየቱም በላይ፣ ለእርሻም ለወተትም የሚበቃ መኖ ያለው ገበሬ ቀድሞውንም በሬ የሚያጣ ገበሬ አይደለም።

ከዚህ የተሻለ ፍሬ የሰጠው የገበሬውን የራሱን ምርጫ መነሻ ያደረገው ሥራ ነው። በመንዝ ለብዙ ዓመታት ከእስራኤል የመጣውን አዋሲ በግ ከመንዙ ጋር የማዳቀል ጥረት በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ጣቢያዎች ሲካሄድ ቆይቶ የተጠበቀውን ያህል አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ ገበሬዎች የአገራቸውን በግ ራሳቸው እየመረጡ የሚያሻሽሉበት የማኅበረሰብ እርባታ ተጀመረ። ችግሩ በገበያ ውስጥ የነበረ ነው፤ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ከሁሉ በፊት ስለሚሸጥ፣ እናቶቹን የሚያጠቃው የቀረው ደካማው ነበር፤ መንጋውም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይታወቅ እየደከመ ይሄድ ነበር። አሁን ጠቦቶቹ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ክብደታቸው ይነበባል፣ ከዚያም ሽማግሌዎቹ ላቱን በእጃቸው እየመዘኑ፣ ቀለሙንና ቀንዱን እያዩ፣ የእናቱን ወላድነት እየጠየቁ ይከራከራሉ፤ የተመረጠው አውራ በግ ለተወሰነ ጊዜ የሁሉንም በጎች ያገለግላል። ሚዛኑ ከባለሙያው፣ ፍርዱ ከባለቤቶቹ ነው።

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ደግሞ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በኪራይ የሚሠራ ትራክተርና ኮምባይነር በሬውን ከብዙ ማሳ አስወጥቶታል። ጥማድ የማያስፈልገው ቤት የበሬ እናት የሆነችውን ላም፣ ወይፈኑንና ጊደሩን ሁሉ መያዝ ስለማይገደድ፣ በዚያው መኖ አንዲት ዲቃላ ላም ወይም ሁለት የሚደልቡ ሰንጋዎች ማኖር ይችላል። ኮምባይነሩ ግን ገለባውን በማሳው ላይ በትኖት ይሄዳል፤ ቀድሞ በአውድማ በነጻ ይከመር የነበረው መኖ አሁን በእጅ መሰብሰብ ወይም መገዛት አለበት፤ በሱሉልታ ሜዳ የሚታጨደው ድርቆሽም በጭነት መኪና እየተጫነ ለከተማ ላሞች ይሸጣል። ትራክተር በማይወጣበት በሰሜኑ ተዳፋት፣ ማሳው በተሸነሸነበትና ድንጋይ በበዛበት ስፍራ ሁሉ፣ ገበሬው ዛሬም የሚቆጥረው በጥማድ ነው፤ አንድ በሬ ያለውም ዝናቡ ሳይጥል ባለ አንድ በሬ ጎረቤቱን ይፈልጋል።